ማተቤና የመስኮቱ ጠረጴዛ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ እዚህ ጀርመን አገር፣ ሮደልሃይም ጣቢያ ከኤስ-ባን ባቡር ወርጄ ግቢውን ለማግኘት ተንከራተትኩ። የጥገና ቤቱ ከመኖሪያ ሕንፃዎች ጀርባ፣ ጓሮ ውስጥ ስለነበር ከመንገድ አይታይም። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤቱና ጀርመኖቹ ማይስተር የሚሉት ዋና ባለሙያ፣ ሄር ክራውስ ራሳቸው ናቸው። ግራጫ ጋዋን የለበሱ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። እኔም ቃል ስለማላበዛ በዚያ ተግባባን።

ከዚያ በፊት ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ማይስተሩ በእጄ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ጥልፍ አልኳቸው። ወረንጦና ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ ሰጡኝና ሳልበጥስ ዘንግ ላይ እንድጠመጥመው አዘዙኝ። ጠመጠምኩት። አገላብጠው አዩና በማግስቱ እንድመጣ ነገሩኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። ልጄን ለብቻዬ ነበር የማሳድገው፤ ያን ቀን ወደምንኖርበት ሰፈር ወደ ኒድ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ አምላኬን አመሰገንኩ።

የምንጠግነው የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበር። ከቋንቋ ትምህርት ቤቶች፣ ከድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮዎችና ከየቤቱ ይመጣል። ሁለት ጠረጴዛ ነበረን። በበሩ በኩል ያለው ለተለመዱት፣ ዳይናሚክ ለሚባሉት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጀርመኖቹ ማግኔቶስታት ለሚሏቸው ለጠፍጣፎቹ ነው። እዚያ የሚቀመጡት ማይስተሩ ብቻ ነበሩ።

ማዕረጌ ረዳት ነበር። የተቆረጠ ገመድ እቀይራለሁ፣ የጆሮ ስፖንጅ አለብሳለሁ፣ በመበየጃ ካውያ ሽቦ እበይዳለሁ። ቀስ በቀስ ውስጡን መክፈት ተፈቀደልኝ። ዳይናሚኩ ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ጉልላት አለው። ከጀርባው ክብ ጥቅል ሽቦ ተለጥፏል። ሽቦው በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ወጣ ገባ እያለ ጉልላቱን ይገፋዋል። ግፊቱ የሚያርፈው ሽቦው በተለጠፈበት ቦታ ነው፤ የቀረው አካሉ ይከተላል። ቀላል ነው፤ ትንሽ ሬዲዮም ያንቀሳቅሰዋል፤ ቢወድቅም ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ይንጫጫል ተብሎ የሚመጣ ዳይናሚክ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ የገባ አንድ የሰው ፀጉር ነው ችግሩ። ጉልላቱ ላይ ተኝቶ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ይርገበገባል። በወረንጦ አንስቼ ለደንበኛው ሳሳየው አብዛኛው ያፍራል። አንዲት የሙዚቃ አስተማሪ ግን ፀጉሩን ትኩር ብላ አየችና የእሷ እንዳልሆነ፣ ባሏን ቤት ሄዳ እንደምትጠይቀው ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ሳገኝ ዝም ብዬ እጥለዋለሁ።

አንድ ቀን ማይስተሩ ጠፍጣፋውን ከፍተው ጠሩኝ። ጉልላትም ጥቅልም የለውም። ከወረቀት የሚሳሳ ፊልም ተወጥሯል፤ ሽቦው ፊልሙ ላይ እንደ ጥልፍ እየተመላለሰ ተዘርግቷል። ከፊትና ከኋላው የማግኔት ዘንጎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ባንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ የሚያምር ሥራ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ይበልጥ ለማየት ጎንበስ ስል መስቀሌ ከኮሌታዬ አምልጦ ወጣ። ኒኬል የተቀባ የብረት መስቀል ነው፤ ከማተቤ ጥቁር ክር ላይ ይንጠለጠላል። ማግኔቱ ነጥቆ ወሰደው። ቀጭ አለና ከፊልሙ ጠርዝ አጠገብ ተጣበቀ፤ እኔም ከነአንገቴ ተሳብኩ። ማይስተሩ አልጮሁም። በሁለት ጣታቸው መስቀሉን ወደ ጎን አንሸራተው አላቀቁት። ፊልሙ ምንም አልሆነም፤ ፊታቸው ግን ገርጥቶ ነበር።

"እዚህ ጠረጴዛ የሚቀመጥ ሰው አንገቱ ላይ ምንም አያደርግም" አሉኝ።

ከክርስትናዬ ጀምሮ ማተቤን ፈትቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ቦታሽ እዚያ ነው" አሉና የበሩን ጠረጴዛ አሳዩኝ።

ማታ ለልጄ ለሐና ነገርኳት። እንደ ልማዷ በጀርመንኛ መለሰችልኝ። ሥራ ቦታ አውልቄ ወደ ቤት ስመለስ ባስረው ምን እንደሚጎዳኝ ጠየቀችኝ። ማን ያይሻል አለችኝ።

"የሚያየኝን አንቺም ታውቂዋለሽ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቤት ሥራዋ ተመለሰች።

በበሩ ጠረጴዛ ዓመታት ሠራሁ። ረዳት መባሌ ቀርቶ የዳይናሚኩ ኃላፊ ሆንኩ። እኔ የጠገንኩት ተመልሶ የመጣ ጥቂት ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ማይስተሩ ሙያውን አልነፈጉኝም። ቅያሜም አልነበረንም። የአንገቴን ነገር ግን እሳቸውም አላነሱት፣ እኔም አላነሳሁት። ዓይኔ ከመስኮቱ ጠረጴዛ ተነሥቶ አያውቅም።

ከዚያ የማይስተሩ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቡና ሲይዙ፣ በኋላ ወረንጦ ሲይዙ አየሁት። ጠፍጣፋ ይዞ የመጣን ደንበኛ ሁሉ ይቅርታ ጠይቀው ይመልሱ ጀመር። አንድ ሰኞ የመስኮቱ ጠረጴዛ በወሩ መጨረሻ እንደሚነሣ ነገሩኝ። ማግኔት የማይስባቸው የነሐስ ካቻቢቴዎቹም፣ የተረፉት ፊልሞችም፣ ማግኔቶቹም ይወገዳሉ። ከእሳቸው በኋላ የሚሠራው እንደሌለ ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ኢድሪስ የሚባሉ ደንበኛ ኦስትኤንድ ከሚባለው ሰፈር መጡ። አስመራ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው የተማሪ ቤት አማርኛ ነው፤ ትግርኛው ከሥሩ ይሰማል። የያዙት አሮጌ ጠፍጣፋ ማዳመጫ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ይንጫጫል። ማይስተሩ አዩትና ጠረጴዛው በወሩ መጨረሻ ስለሚነሣ እንደማይሠሩት በትሕትና ነግረዋቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

ጋሽ ኢድሪስ ማዳመጫውን እንዳቀፉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰውዬው እጁ ነው የደከመው ወይስ ልቡ?"

"እጃቸው ነው፣ ጋሽ ኢድሪስ።"

"ያንቺስ?"

መልሴን ሳይጠብቁ ማዳመጫውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይልኝ፣ ካልሆነ ከሌላው ጋር ይጣል ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ማይስተሩ ጋዋናቸውን ሳይለብሱ አናገርኳቸው። ጠፍጣፋውን እኔ ልሥራው፤ ማተቤን ግን አልፈታም አልኩ። ለእኔ ይህ ብዙ ንግግር ነው። ማይስተሩ አሁንም አይሆንም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። የሚያስፈራቸው ብረቱ እንጂ እምነቴ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ብር ማግኔት አይስበውም፤ የብር መስቀል ካለኝ ላምጣና እንፈትነው አሉ።

የብር መስቀል ነበረኝ። በሚቀጥለው ቀን አመጣሁት። ማይስተሩ ክሩን ይዘው ባዶ ማግኔት ላይ አንጠለጠሉት። መስቀሉ ዝም አለ። ክሩ የሚያልፍበት ትንሽ ቀለበት ግን ዘሎ ተጣበቀ። አንጥረኛው ቀለበቱን ከብረት ሠርቶት ኖሯል።

"መስቀልሽ ታማኝ ነው። ቀለበቱን አላምነውም" አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለንስሐ አባቴ አዋየሁ። ማግኔት ምን እንደሆነ፣ ፊልሙ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ማተብሽ ክሩ ነው፤ እሱን ማንም አያስፈታሽም" አሉኝ። "መስቀሉ ከብረት ካልሆነ አይሆንም ያለሽ ማን ነው? የጌታችንስ ከምን ነበር?"

ከመጽሐፋቸው መካከል ከኢየሩሳሌም የመጣ ትንሽ የእንጨት መስቀል አውጥተው ሰጡኝ። ቀለበት የለውም፤ ክሩ የሚገባው በእንጨቱ ቀዳዳ ነው። እዚያው አሰርኩት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንጨት እንዴት እንዳልታሰበኝ አላውቅም። ለዚያም ቢሆን አመሰገንኩ፤ ዳይናሚኩን በደንብ የተማርኩት በዚያ ጊዜ ነው።

ሰኞ ማይስተሩ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ፈተሹኝ። የፀጉር ሽቦዬን፣ የእጅ ሰዓቴን፣ የኪሴን ቁልፍ አስወጡኝ። በመጨረሻ መስቀሌን ከማግኔቱ በላይ እንዳንጠለጥል ጠየቁኝ። አንጠለጠልኩ። አልተነቃነቀም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስበው "ተቀመጪ" አሉኝ።

የጋሽ ኢድሪስን ማዳመጫ የከፈትኩት እሳቸው ከጀርባዬ ቆመው ነው። ሁለቱ የማግኔት ሳህኖች ፊት ለፊት ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ስለዚህ በመዳፍ ተጭኖ ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማላላት ነው። አንዱን ጨርሶ የፈታ ሰው ሳህኑ ያመልጠዋል። ውስጡ የነበረው አሮጌ ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ፊልሙ ላይ ረግፏል። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩት። ማግኔቱ ላይ የተጣበቀውን የብረት ብናኝ በሚያጣብቅ ፕላስተር እየነካሁ አነሣሁ። በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ብናኙን ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል እንጂ አያነሣውም።

ከዚያ ውጥረቱ መጣ። ፊልሙ ረግቦ ስለነበር ነው ማግኔቱን እየነካ የሚንጫጫው። ከፍሬሙ አላቅቄ እንደገና ወጠርኩት። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ከላላ ይንጫጫል። መካከሉን የሚያውቀው ጣት ነው። ከበሮ ሲወጠር ያየ ሰው ይገባዋል። ማይስተሩ አንዴ ብቻ እጃቸውን ዘረጉ፤ መንቀጥቀጡን ሲያዩ መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ትንሽ ወደ ግራ" አሉ። ትክክል ነበሩ።

ማጣበቂያው ሲደርቅ ገጠምኩት። ለሙከራ ከዚያ በፊት የምንጠቀመው የመለኪያ ድምፅ ነበር። በዚያ ሞከርነው፤ አልተንጫጫም። ቀጥዬ የደብራችንን የማኅሌት ካሴት ከቦርሳዬ አወጣሁ። መጀመሪያ በበሩ ጠረጴዛ ጥሩ ዳይናሚክ ለማይስተሩ አሰማኋቸው። ከበሮው ደረት ይመታል፤ ድምፁ ሞቃት ነው፤ ጽናጽሉ ግን አንድ ላይ ተጠቅልሎ ይሰማል። ከዚያ ያንኑ ቦታ በጠፍጣፋው ደገምኩላቸው። ለዚህኛው አምፕሊፋየሩን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ከበሮው ሁለት ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ሁለት ነው፣ ሄር ክራውስ።"

"አሁን ነው የለየሁት።"

ማዳመጫውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉትና በእጄ ሰጡኝ። ጠረጴዛው እንደሚነሣ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። የነሐስ ካቻቢቴዎቹን ሳጥን ወደ እኔ መሳቢያ ያዛወሩት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ኢድሪስ ሲመጡ አሮጌ የክራር ካሴታቸውን አስገባሁላቸውና አደመጡ። ጣት ክሩን ሲነካ፣ ከዚያም ክሩ ሲዘምር ለየብቻው እንደሚሰማቸው ነገሩኝ። የመስቀሉን ታሪክ ሳጫውታቸው ሳቁ።

"ታዲያ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ማዳመጫዬን ቄስ ጠገነልኝ ልበል?"

"ቄሱም ማይስተሩም ረድተውኛል ይበሉ።"

"አንቺስ?"

"እኔ ወጠርኩት።"

ከኪሳቸው ትንሹን የካሴት ማጫወቻ አውጥተው ጠፍጣፋውን ሊሰኩ ሲሉ ግን ከለከልኳቸው። ያ ማጫወቻ ይህን ፊልም የሚያንቀሳቅስ አቅም የለውም፤ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ይሆንባቸዋል። አንገታቸውም ትራም ውስጥ ያን ክብደት ሊሸከም አይገባውም። ለመንገድ ቀላል ዳይናሚክ፣ ለቤት ወንበራቸው ደግሞ ጠፍጣፋው እንዲሆን መከርኳቸው። የትኛው ይበልጣል ብለው ሞገቱኝ። የት ተቀምጠው ነው የሚሰሙት፣ በምንስ ነው የሚያጫውቱት አልኳቸው። ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ለማንም መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ማይስተሩ ጡረታ ሲወጡ ሁለቱም ጠረጴዛዎች የእኔ ሆኑ። በኋላ የመጡትን ሠራተኞች ሁሉ በመስኮቱ ወንበር ከመቀመጣቸው በፊት በባዶ ማግኔት እፈትሻቸው ነበር። አንዷ የቱርክ ልጅ ክታቧን ይዛ ስትጨነቅ አየኋት። ማኅደሩን ከብረት ወደ ቆዳ አስቀየርንና ተቀመጠች። ጥሩ ሠራተኛ ሆነች።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ ያለኝ ይህ ነው። ማግኔት አጠገብ ብረት አታስጠጉ። ማተባችሁን አትፍቱ። ሁለቱም ይቻላል።