ክኒን በሁዳዴ

በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የደም ግፊት መለኪያና ማዳመጫ በቦርሳ ይዤ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ወረድኩ። የመጀመሪያውን የቆርቆሮ በር ቀስ ብዬ አንኳኳሁ።

«ክትባት ከሆነ ልጅ የለንም!» አሉ አንዲት ሴት ከውስጥ።

መለኪያውን ሳላወጣ ከበሩ ዞር አልኩ። ጤና ጣቢያ ተመልሼ ለኃላፊዬ ለሲስተር አልማዝ ስነግራቸው ሳቁ።

«ተቅማጥ ቢገባ ሰፈሩ ራሱ ይጠራሽ ነበር። ግፊትና ስኳር ግን ሰውዬው ሳይታወቀው ነው የሚጀምሩት። ማንም አይጠራሽም፤ አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አሉኝ።

በማግስቱ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ፤ በራፋቸው ላይ ሱቅ አላቸው። ታናሽ እህታቸው በግፊት የተነሳ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። የሚያነሷቸውም የሚያጥቧቸውም ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ስለካቸው የእሳቸውም ግፊት ከፍተኛ ነበር። ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ ሐኪሙ በየቀኑ ጠዋት አንድ ክኒን አዘዘላቸው። በየሳምንቱ ስለካ እየወረደ መጣ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ተመልሶ ወጣ።

«እትዬ ጽጌ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ!»

በሚቀጥለው ሳምንትም ያው «እንዴታ» ነበር፤ ግፊቱም አልወረደም። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊጨምርባቸው አሰበ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ዛሬ ጠዋት በምን ዋጡት? በሻይ ነው በውኃ?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ!»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?»

«ጠዋት ነዋ ያላችሁኝ! ዘጠኝ ሰዓት ጠዋት ነው? ቅዳሜና እሑድ እውጣለሁ፤ አልዋሸሁሽም።»

ከጓዳ የእህታቸው ድምፅ ተጎተተ፦ «ልጄ፣ እሷ ከወደቀች እኔን ማን ያነሳኛል?»

በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ይህ ክኒን ማታም ሊወሰድ ይችላል፤ ዋናው ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው አለኝ። ወይዘሮ ጽጌ በዚያው ምሽት ጀመሩ።

ከሕማማት በፊት ለካኋቸው። መቶ ሠላሳ በሰማንያ። አላመንኩም፤ ደገምኩት። ያው ነው።

«ወረደ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም ነበር። እሳቸውም እልል አሉ።

ስኳር ሊገዙ የመጡ ጎረቤት፣ «በሁዳዴ ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ።

«የምን ሠርግ! ግፊቴ ወረደ! ማታ ማታ እየዋጥኩ!»

ጎረቤቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማታ ይቻላል እንዴ? እኔም እኮ ጾሙ ሲገባ ትቼዋለሁ» አሉ።

ሥራዬ ያስተማረኝ ይህን ነው። ሥር የሰደደ በሽታ መድኃኒት በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ ከሰውየው ውሎ ጋር ካልገጠመ ይቋረጣል። ውሎውን ደግሞ ካልጠየቁት አይነግርም።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ እድር ዳኛ ዘንድ ሄጄ፣ እሑድ ስብሰባው ላይ ስለ ግፊት ልናገር አልኳቸው።

ቁልቁል አዩኝ። «ማይክ የለንም። ድምፅሽ ይሰማል?»

«ይሰማል» አልኩ።