«አባቴ ይሙት» ያሰኟት ልጅ

ፍርድ ቤት የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው፤ የችሎት ተላላኪ ሆኜ። በመጀመሪያው ቀን የሬጅስትራር ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየኝና «መዝገብ ታመላልሻለሽ፣ ባለጉዳይ በስሙ ትጠሪያለሽ። የቀጠርነው ጉሮሮሽን እንጂ አስተያየትሽን አይደለም» አለኝ።

ጉሮሮዬ ደህና ነው። ስጠራ ግቢው በር ላይ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ ይሰማኛል። አስተያየቴን መዋጥ ግን አልችልበትም፤ በተለይ የቤተሰብ ችሎት ከተመደብኩ ወዲህ። እዚያ ባልና ሚስት ተፋትተው ሲያበቁ ልጅ ይጓተታሉ። «ለልጄ ስል ነው» የሚል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ልጁ ነፍስ ካወቀ ወላጆቹ ኮሪደር ይቀራሉ፤ እኔ ዳኛው ቢሮ አስገባዋለሁ። ዳኛው «ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ይሉታል። የልጅ መልስ ብቻውን አይወስንም ይባላል። መዝገብ ሲከመር ግን ይወስናል።

አንድ ቀን ትርንጎ መጣች። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ለተማሪዎች ልብስ ታጥባለች። አባቷ አይከል ከተማ ሱቅ አለው። ለፋሲካ ብሎ ወስዷት እስከ ክረምት አልመለሳትም፤ እናትየዋ የከሰሰችው ለዚህ ነው።

አባት አዲስ ጫማ አጥልቆላት ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እናት ከወዲያ ማዶ «ትርንጎዬ!» ብትላት ልጅቷ ቀና አላለችም። አባት ጎንበስ አለ።

«እስቲ እንደ ትናንቱ ማዪልኝ።»

«አባቴ ይሙት፣ ካንተ ጋ ነው የምኖር።»

«ሸጋ! የኔ አንበሳ!»

«ኧረ ልጅቷን ይተዋት!» አልኩት።

«ምነው እታለም? ልጄን ላናግር አንቺን ላስፈቅድ ነው? ስም ጠሪ አይደለሽ? ጥሪያ!»

አብረውት የመጡት ዘመዶቹ ሳቁ።

እጇን ይዤ አስገባኋት። መዳፏ በላብ ርሷል። ዳኛው ጠየቋት። «ከአባዬ ጋ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ጎበዝ» ብለው እስክሪብቶ አነሡ።

በሩ ጋ ስንደርስ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «አሁን አባዬ አይሞትም አይደል?»

ሁላችንም እንደ ዋዛ የምንምለው መሐላ ነው፤ ገበያ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ። የስድስት ዓመት ልጅ ግን የምሯን ነው። እናቷን ከመረጠች በእሷ ቤት አባቷን ልትገድለው ነው። ደሜ ፈላ። ዞር አልኩና «ክቡር ዳኛ፣ የጠየቀችኝን ለእርስዎም ትድገምልዎት» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ውጪ!»

አልወጣሁም። ትርንጎ ቁጣው ለእሷ መስሏት ማልቀስ ጀመረች። «እማዬን አላልኩም! አላልኩም እኮ!»

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«አባትሽ ምንም አይሆንም። መሐላ ሰው አይገድልም። ከማን ጋር ብዬም አልጠይቅሽም። ማታ ማን ነው የሚያስተኛሽ?»

«አይከል ብቻዬን ነው። እማዬ ጋ ግን እግሬን እግሯ መሀል አድርጋ ታሞቀኛለች።»

ጉዳዩ ለማኅበራዊ ባለሙያ ተመራ፤ ትርንጎ ለጊዜው ከእናቷ ጋር ሄደች። የመጨረሻው ውሳኔም እንደዚያው ሆነ። አባት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያያታል። ለእኔ ደግሞ ያለ ሥልጣኗ ተናገረች ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ይጻፍ!

አዲስ ተላላኪ ሲመጣ የምነግረው ይህን ነው፦ ልጁን ከሁለቱም ወገን ለይተህ አስቀምጠው፣ ማንም ጆሮው ሥር እንዳይደርስ። ልጅ ከእናትና ከአባቱ አንዱን ምረጥ አይባልም። መምረጥ የዳኛ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚበላውም ለዚያ ነው።