ቆሜ የቀመስኩት ኮረንቲ

በእኛ ቤት ሰጪ ሳይቀምስ አይሰጥም። ወተትም ሆነ መድኃኒት፣ አቅራቢው አስቀድሞ ፉት ይላል።

ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ ደሴ ሆጤ ወዳለው ቤታችን የምትገባው ከመግሪብ በኋላ ነው። ሁለት ቀን አንድ ሰው ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ ተከተላት። "አባ፣ ወጥተው ይቀበሉኝ" አለችኝ። መቀጠሯን አልወደድኩትም ነበርና "እኔ ሂጂ አላልኩሽም" አልኳት። በምትኩ የእጅ ባትሪ የሚመስል፣ ሰውን ኮረንቲ የሚያስይዝ መሣሪያ ገዛሁላት። በሕግ ይፈቀድ አይፈቀድ አልጠየቅኩም።

ራዲዮ ጥገናን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ነኝና ፈትቼ አየሁት። የትንሿን ባትሪ ጉልበት ጥቅልል ሽቦው ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያወጣዋል። ሁለት ብረት ያለበትን ጫፍ ሰው ላይ ሲጫኑት ኮረንቲው ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው በሥጋ ውስጥ ያልፋል፤ ያማል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ አይጎዳም ብዬ ደመደምኩ። የልብ ሕመምተኛን አላሰብኩም፤ መውደቅንም አላሰብኩም። ለልጄ ከመስጠቴ በፊት እንደ ልማዳችን በራሴ ልቀምሰው ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

"ተቀምጠው ይሞክሩት እንጂ አባ!"

"ወንድ ቆሞ ነው የሚቀምሰው።"

ሚስቴ ከጓዳ ሳቀች። "ተያቸው፣ ራዲዮ መስሏቸው ነው። አሁን ዜና ያሰማሻል!"

ጭኔ ላይ ጫንኩት። ጉልበቴ ከዳኝ፤ በግራ ክንዴ የደጃፉ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ። ሳቁ ቆመ። አጥንቴን የሰበረው ድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የጣለኝ ግን ኮረንቲው ነው።

በጀሶ ታስሬ ስመለስ ልጄ መሣሪያውን እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

"አልይዘውም። ቢነጥቀኝስ? ወፍራም ጃኬት ለብሶ ኮረንቲው ባይዘውስ? እንደ እርስዎ ወድቆ በጭንቅላቱ ቢመታስ?"

"ታዲያ ምን ይሻልሻል?"

"መጀመሪያ ነግሬዎት ነበር።"

ልጅን መጠበቅ የአባት ግዴታ ነው እያልኩ ጎረቤት ስመክር ኖሬአለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን ኩርፊያዬን በዕቃ ሸፈንኩት።

አሁን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ክንዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መውረጃው ላይ እቆማለሁ። ትናንት ሰውዬው ሱቅ ጥግ ቆሞ ነበር። አየኝና ሄደ። ደስታም ቁጣም አልተሰማኝም። ልጄ ወርዳ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለችኝ፤ ቦርሳዋን በደህናው እጄ ተቀበልኳት።