የእሁዱ ልጅ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን የማደክምበት አንድ ነገር አለ፤ ዓይን ብቻውን አያይም፣ አእምሮ ቀድሞ ይገምታል፣ ዓይን ግምቱን ያርማል። ጓደኛችሁን የምትለዩት ግማሹን በቦታውና በሰዓቱ ነው እላቸዋለሁ። እነሱ ያዛጋሉ።

እናቴ የምትኖረው ቱላ ነው። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ስሄድ፣ ገና የግቢውን በር ስከፍት ከበረንዳው ላይ «ዛሬም ሸሚዝህን ሳትተኩስ መጣህ?» ትለኛለች። ሐኪም ዓይንሽን ሞራ ጋርዶታል፣ ይገፈፍ ሲላትም «የልጄን የተጨማደደ ሸሚዝ ከበረንዳ እያየሁ?» ብላ እምቢ አለች። እኔም አመንኳት። የሷን አፍ ማን ይችላል?

አንድ ረቡዕ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ልትሳፈር ስትል አገኘኋት። ሰላም ከማለቴ በፊት እግሯን ስታነሳ አይቼ ክንዷን ደገፍኩላት። ቀና ብላ ፊቴን አየችና «ጌታ ይባርክዎት አባቴ» አለችኝ። ባጃጁ ይዟት ሄደ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ፈራሁ፤ ያን ሁሉ መኪና ብቻዋን የምታቋርጥ ሴት ናት።

በሚቀጥለው እሁድ ሸሚዜን እንደ ሙሽራ ተኩሼ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ያንኑ አለችኝ፤ «ዛሬም ሳትተኩስ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ወስጄ ደረቴ ላይ አደረግኩት። «እማዬ፣ እስኪ ዳብሺው።»

ከኮሌታው እስከ ታች ዳበሰችው። «ቀጠሮው መቼ ነው ያለው ሐኪሙ?» አለች።

ሞራው ተገፎ ፋሻው የተነሳላት ዕለት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። ትክ ብላ አየችኝ።

«መናኸሪያ ክንዴን የያዙኝ ሽማግሌ አንተ ነበርክ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያን ቀን በደንብ አይቼ ነበራ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ለካ ማንንም ባልጠበቀችበት ቦታ ያ ደካማ ዓይኗ እውነቱን ነግሯታል፤ በረንዳዋ ላይ ግን የምትጠብቀውን ልጅ ነበር የምታየው።

ከዚያ ሳቋን አቆመች። «እሁድ እሁድ የሚመጣው እኮ ጸጉሩ ጥቁር ነበር» አለች።

ጎንበስ አልኩላት፤ ያን ዕለት ሸሚዜን እንዳደረገችው፣ ሽበቴን ከፊት እስከ ማጅራቴ ቀስ ብላ ዳበሰችው።