ቀይዋን ዶሮ ማን አረዳት?

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ገዢዎች ነበሩብኝ። አንደኛው መንገዱ ዳር ካምፑ ውስጥ የተቀመጠው ሹም ነው፤ ሁለተኛዋ የጓሮዬ ቀይ ዶሮ ናት። የሹሙ አዋጅ አንዳንዴ ይዘነጋ ነበር። የእሷ ግን አንድም ቀን ታጥፎ አያውቅም።

ዕንቁላሏን ላነሳ ስጎነበስ እጄን ትነቁረኛለች፤ ውኃ ቀድቼ ስገባ ከኋላዬ ተንደርድራ ባቴን ትለኛለች። አውራ ዶሮው እንኳ ጥሬ የሚለቅመው እሷ ስትጠግብ ነው። ለምን አላረድሻትም የሚል ይኖራል። ሴት ዶሮ አታርድም፤ ብታርድ ማንም አይቀምስላትም። ባሌ ደግሞ ዱር ቤቴ ብሎ ከጣርማ በር ሥር ከአርበኞቹ ጋር ነው። ለሰው ግን ማይጨው ቀረ ብዬ ጥቁር ለብሻለሁ፤ በሕይወት መኖሩ ቢታወቅ እሱን ያድኑታል፣ እኔንም ከነቤቴ ያነዱኛል። ስለዚህ የሟች ሚስት ሆኜ፣ በዶሮ እየተገዛሁ ከረምኩ።

አንድ የገበያ ቀን፣ መንደሩ ባዶ በሆነበት ቀትር፣ ባሌ በጓሮው አጥር ዘልሎ ገባ። ካየሁት ሦስት ወር አልፎኛል። ገና ሳንሳሳም ቀይዋ ደረሰችበት። በጣሊያን ካሚዮን ላይ የሚተኩሰው ጀግና አንዴ ብትነቁረው እንጨት ክምር ላይ ወጣ። ሳቄ አመለጠኝ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ ሚስቱ ስትስቅበት ደሙ ፈላና ካራውን መዝዞ፣ በስመ አብ ብሎ አረዳት። ዶሮ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ ይቺ ግን የእኔንም ጨምራ ነው ያወጣችው።

«ምነው ትንሽ ብታስብ?» አልኩት።

«አሁን ሥሪያት፤ ርቦኛል» አለኝ። ማሰቡን ለእኔ ትቶ ተቀመጠ።

ወጡ ሲንተከተክ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ተሰማ። ባሌ ሳይቀምስ በመጣበት አጥር ዘልሎ ሄደ። ወዲያው ለካምፑ ዕንቁላል የሚሰበስበው ባንዳ መጣ። የአገራችን ሰው ነው፤ ቀይዋም ስንት ጊዜ ነቁራዋለች። በሩ ላይ ቆሞ፣ እግሩን በዱላው ከልሎ ጠበቃት። ሳትመጣ ስትቀር ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ አመድ መድፊያው ላይ ላባዋን አየ።

«ወንድ የለኝም ትዪ የለ? ማን አረዳት?»

አጥር የምንጋራው ሽማግሌ፣ ማሽላ አራሽ እስላም ናቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ ደጄ ላይ ደርሰው ሰሙት።

«እኔ ነኝ ጠዋት ያረድኳት፣ ቢስሚላህ ብዬ» አሉ። «ልጅቷን መግቢያ መውጫ ነሳቻት።»

ባንዳው ሳቀ። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ያውቃል። የማኅበር ጓደኞቼ ከገበያ መልስ ተሰብስበው ያያሉ፤ እነሱ ፊት ከምትረክስ እውነቱን ታወጣለች ብሎ አሰበ።

«እንግዲያው ብዪያ» አለኝ።

ባሌ ገና ወንዙን እንኳ አልተሻገረም። አንድ ብልት አወጣሁና በላሁ። ሥጋው ንጹሕ መሆኑን ከቆሙት ሁሉ የምናውቀው እኔና ሽማግሌው ብቻ ነን። ጠንካራ ነበረች፤ ሞታም አላስቀመጠችኝም። ባንዳው ሄደ፣ ጓደኞቼም ሄዱ። ጠላት እስኪወጣ ድረስ ጽዋ አላቀመሱኝም፤ እሳት ስለምን እንኳ በሩን ይዘጉብኝ ነበር። ሽማግሌው ብቻ «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ» እያሉ የማሽላ እሸት ያቀብሉኝ ነበር።

ጠላት ወጣ፤ ባሌ ጎፈሬውን አበጥሮ ገባ። በየድግሱ ጀብዱውን ሲተርክ ዶሮዋ አንድም ቀን አልተነሳችም። እንጨት ክምር ላይ የወጣ አርበኛ ለድግስ አይመችማ። ወደ ማኅበሬ እንድመለስ ቄሱ ዘንድ ሄጄ፣ ዶሮዋን ያረዳት ባሌ ነው ብዬ ተናገርኩ። «እሱ ይመስክር» አሉኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ለባዕድ ሴት በሐሰት ያሉትን ቃል ባሌ ለሚስቱ በእውነት ማለት አቃተው። እንደረከሰ ሰው የመንጻቱን ጥምቀት፣ ቄደር ስጠመቅ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ያይ ነበር።

ቤት ስንገባ «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ጠበል ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አለና እራት ጠየቀኝ።

ያን ቀን ጠላሁት። እራቱን አቀረብኩለት፤ እስኪሞት ድረስ ግን ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ አልቆረስኩም።