ጉልበት ያጣችው ሚኒባስ

ባምላኩ የሚነዳው የሰው ሚኒባስ ነው። የሰው ትሁን እንጂ እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ጠዋት ተሳፋሪ ሳይጭን ጎማዋን ይደባብሳል፣ መስታወቷን በራሱ ፎጣ ይወለውላል። አቧራ በሚበዛበት በቆሼ በኩል ኮንትራት ሠርቶ የተመለሰ ቀን ደግሞ የአየር ፊልትሮዋን አውጥቶ ያራግፍና ዘይት ቀባ ያደርገዋል። ድሮ አሮጌውን ሞዴል ሲነዳ የለመደው ነው፤ ዘይቱ አቧራውን ይይዛል፣ አቧራው ሞተሩን አይበላውም ብሎ። ማንም አላዘዘውም።

ይቺው ሚኒባስ ከሰሞኑ ጉልበት አጣች። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚያስወጣው ዳገት ላይ ስትደርስ ግን ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ትንገታገታለች እንጂ አትስብም። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያንባርቅበታል።

"ወራጅ አለ!" ይላል ረዳቱ እዮኤል፣ ማንም ሳይወርድ። "ሹፌራችን ነው የሚወርደው፣ ሊገፋ!"

ተሳፋሪው ይስቃል። ባምላኩ ወደ አንደኛ ማርሽ ይመልሳታል።

የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ተክለማርያም ወሬው ሲደርሳቸው ባምላኩ ሊያስመረምራት ወዳስገባበት፣ ኮልፌ ያደሳ ጋራዥ ድረስ ራሳቸው መጡ። ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ፣ "ሞተሬን የገደለው ሰው ዛሬ ቁልፌን አስረክቦ ይሄዳል" አሉ።

ባምላኩ ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። በዚህ ዕድሜው ማን አምኖ መኪና ይሰጠዋል?

"እኔ እኮ ጋሼ... ሞተሯን አስጩሄ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ።

መካኒኩ ያደሳ ሞተር ለማውረድ አልቸኮለም። ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሲያይ ቆየና "የሚገባውን አየር የሚለካውን ሰንሰር ነው የምጠረጥረው" አለ። የሰንሰሩን ሶኬት ነቀለ። "ባሜ፣ እስቲ በዚሁ ዳገቱን ሞክራት።"

ሁሉም ተሳፈሩ። ሚኒባሷ ወጣችው! እንደ ድሮዋ ባይሆንም ሳበች። ባምላኩ ከስንት ቀን በኋላ ጥርሱ ታየ።

"አዩ ጋሼ" አለ ያደሳ፣ "ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሰንሰሩ ሲነቀል ሳበች፤ እሱ ነው የሚዋሽባት። የገባው አየር ትንሽ ነው እያለ ነዳጅ ያስቀንስባታል።"

"ታዲያ እሱን ምን አበላሸው?"

ያደሳ ሰንሰሩን ፈትቶ ወደ ብርሃን አቀረበው። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮባታል። ፊልትሮውን ሲዳስሰው ጣቱ ወዛ። "ከዚህ በአየር እየተሳበ ነው ሽቦዋ ላይ የተጋገረው። ይሄን ዘይት የቀባው ማነው?" አለ፤ ክፋት አስቦ አይደለም።

ባምላኩ በፎጣው እጁን ይጠራርግ ጀመር።

"ባሜ ነዋ!" አለ እዮኤል። "ለሚስቱ ቅባት ገዝቶ አያውቅም፣ መኪና ግን ይቀባል!"

ያደሳ ሳይቀር ሳቀ።

"አቧራ እንዳይገባባት ብዬ ነው ጋሼ።"

"በገዛ እጅህ ነዋ ያበላሸሃት! ከአንተ እንክብካቤ የቆሼ አቧራ ይሻለኝ ነበር።" ጋሽ ተክለማርያም እጃቸውን ዘረጉ። ባምላኩ ቁልፉን ሰጣቸው። እሳቸውም ወዲያው ለእዮኤል አቀበሉት፤ ረዳቱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል። ወደ ባምላኩ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ካልከፋህ በሩ ላይ ቁም። ረዳት አጥቼ አይደለም፣ አዝኜልህ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ባምላኩ። ሌላ ምን ይላል? ቤት የሚጠብቁት አሉ።

አዲስ ሰንሰር ገባላትና በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። ባምላኩ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ቀራንዮ፣ ቀራንዮ" ይላል፤ አጠገቡ የቆመ ብቻ ነው የሚሰማው።

"ወያላ፣ ጮክ በል እንጂ! ለቅሶ ቤት መሰለህ?" ይላል እዮኤል ከመሪው ላይ ሆኖ።

አንዲት ደንበኛ እናት ሂሳብ ሲሰጡት ፊቱን አዩትና "ልጄ፣ አንተ ሹፌሩ አልነበርክም እንዴ?" አሉት።

እዮኤል በመስታወቱ እያየ ቀደመው። "ነበረ እማማ። አሁን በር ይዘጋል።"

ሚኒባሷ ሙሉ ሰው ጭና ዳገቱን ሳትንገታገት ተያያዘችው። ባምላኩ "ጠጋ ጠጋ በሉ" አለና በሩን ዘጋ።