ሦስት ጥቁር ካፖርት በሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜልቦርን ስነሳ

አሜሪካ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። የእህቴ የውብነሽ ልጅ ናትናኤል የኳስ ኑሮው ማክተሙን ለእናቱ ልነግር ነው። ኳስ ስል እናንተ የምታውቁትን ክቡን ማለቴ አይደለም። አውስትራሊያኖች በሞላላ ኳስ፣ በእጅም በእግርም፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየዘለለ የሚጫወቱት ጉድ ነው። ናቲ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ የቅርጫት ኳስ ልጅ ነበር። ኮሌጅ ሲጨርስ የአንድ ሜልቦርን ክለብ መልማይ ቁመቱንና ዝላዩን አይቶ ወሰደው፤ እኔ አጎቱ እዚያው ስለምኖር እኔ ዘንድ ገባ።

ሁለት ዓመት ከተጠባባቂዎቹ ጋር ለፋ። ሌሎቹ ከሕፃንነታቸው የለመዱትን እሱ ጢም ካወጣ በኋላ ነው የጀመረው። ያቺ ኳስ ደግሞ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር እሷም አታውቀው። ጓሮዬ ውስጥ አጥሩን ሲመታ እየዋለ ከጎረቤት አጣላኝ። በስንት መከራ ዋናው ቡድን አንድ ጊዜ አሰለፈው። ኳስ ልቀልብ ብሎ ሲዘል ከኋላ የመጣ ጉልበት ጭንቅላቱን አገኘውና በቃሬዛ ወጣ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ክለቡ ጠርቶ አሰናበተው።

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ለእናቱ እየደወለ «ማሚ፣ ጸልዪልኝ» ይላት ነበር። እሷም «ሌት ተቀን እየጸለይኩ ነው የኔ ጌታ» ትለዋለች። እዚህ የደረስኩት በእሷ ጸሎት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ኤርፖርት ሲሸኘኝ አቀርቅሮ ነበር። «አጎቴ፣ አንተ ንገራት። አይ ካንት። ልቧ ይሰበራል» አለኝ። «ካላዘነችብኝ ለገና ቤቴ እገባለሁ።» አንጀቴን በላው።

አሌክሳንድሪያ

ሎስ አንጀለስ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ደለስ ኤርፖርት ስደርስ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። የተቀበሉኝ ጋሼ ተሰማ ናቸው፤ አዲስ አበባ የሰፈራችን ሰው፣ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ውብነሽ መምጣቴን አታውቅም። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ተብለን ነው ያደግነው።

ሜልቦርን ጸደይ ነው ብዬ በስስ ጃኬት መጥቼ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ትኩስ ሽሮ በቃሪያ አቀረቡልኝና እየበላን ነገሩን መከርን።

«ነገ በማለዳ ነው የምንሄደው» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ሥራ ሳትገባ፣ ከሌላ ሰው ሳትሰማ።»

«ጋሼ፣ ብቻዬን ብነግራትስ?»

«ብቻህን? ሰው የላትም እንዴ? እንዲህ ያለው ነገር ሽማግሌ ይፈልጋል። አርፈህ ሽሮህን ብላ።»

አርፌ በላሁ።

ማለዳ

ሳይነጋ ተነሳን። ጋሼ ተሰማ ትርፍ ካፖርታቸውን አለበሱኝ። ጥቁር ነው። የሳቸውም፣ የእትዬ ዘነበችም ጥቁር ነው፤ በዚህ አገር የክረምት ልብስ ሁሉ ጥቁር ነውና ማንም ልብ አላለውም። ነዳጅ ማደያ ቆመን አፍ የሚያቃጥል፣ ጣዕም የሌለው ቡና ገዛን። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ወጥተን የወንዙን ድልድይ ስንሻገር መንገዱ ከወዲሁ በመኪና ተጠቅጥቋል። የውብነሽ ሰፈር ጆርጂያ አቬኑ እስክንደርስ እኔ በልቤ የምናገረውን አጠና ነበር።

ውብነሽ በሩን የከፈተችው የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛ ነው። አየችኝ። ከዓለም ዳርቻ ድንገት የመጣ ወንድሟን፣ ከግራና ቀኝ ሽማግሌዎቹን፣ ጥቁራችንን፣ ሰዓቱን። ለካ እኛ ቤት በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣው መርዶ ብቻ ነው! ያን ጊዜ ገባኝ። ምን ዋጋ አለው?

«ናቲ!» ብላ ጮኸች። ደረቷን እየደቃች ወለሉ ላይ ወደቀች። «ልጄን! ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

«ኧረ አልሞተም!» ብዬ ብጮኽ ማን ይስማኝ? እትዬ ዘነበች ልቅሶ ሲሰሙ አይችሉም፣ አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ጋሼ ተሰማ ደግሞ ቀብር ለቀብር የኖሩ ሰው ናቸውና አፋቸው ላይ የመጣላቸው «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» ሆነ። የአፓርታማው ኮሪደር በሮች ተከፋፈቱ። ለናቲ በቪዲዮ ደወልኩ።

ሜልቦርን ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ጥሪዬን ሲጠብቅ ነበር። ውብነሽ ስልኩን ነጥቃኝ መስታወቱን ሳመችው።

«አለህ? የኔ ጌታ፣ አለህ?»

«ማሚ፣ አይ አም ኦኬ። አልነገረሽም እንዴ?» ድምፁ ተሰበረ። «ክለቡ አሰናበተኝ። አልቋል። አይ አም ሶ ሶሪ፣ ማሚ።»

«ሁለተኛ አትጫወትም?»

«ኖ።»

እልል አለች። ተንበርክካ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ደጋግማ እልል አለች። «ስለቴ ሰመረ! የመጀመሪያ ጨዋታህን ያየሁ ዕለት ነው ለእመቤቴ ጥላ የተሳልኩት። ከዚህ ሰው ከሚሰብር ጨዋታ አውጪልኝ ብዬ! ጸልዪልኝ ስትለኝ ሁሉ እሱን ነበር የምለምናት!»

ናቲ አማርኛ መናገር ይከብደዋል እንጂ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ፊቱ አመድ ሆነ። «ኦኬ፣ ማሚ» አለና ስልኩ ተዘጋ።

«ኔትዎርኩ ነው» አለች ውብነሽ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

የዚያን ዕለት አልመጣም ብላ ደውላ፣ ሥራ ኮል አውት አድርጋ ቂንጬ በቅቤ ሠራችልን። እስከምመለስ ድረስም ለጎረቤት ሁሉ ስታበስር ሰነበተች። ዊተን የገበያ አዳራሽ ወስዳኝ አዲስ አንሶላ ገዛች፤ የልጅነት ክፍሉን ጠርጋ አልጋውን አነጠፈች። «ለገና ይመጣልኛል» ስትል ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ሜልቦርን

ቤቴ ስገባ ጓሮው ጸጥ ብሏል። ያ የአጥሩ ድምፅ ስንት ቀን እንዳላስመረረኝ፣ ዛሬ ዝምታው አስፈራኝ። ናቲ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«እያንዳንዱን ጨዋታ፣ አጎቴ» አለኝ። «ኤቭሪ ሲንግል ጌም ደውዬላታለሁ።»

«እናት ናት። ፈርታ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለገና?»

«አልሄድም። አንተ ንገራት።»

ጉዞው ያስተማረኝ ቢኖር ይኸው ነው፤ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በአንድ ስልክ እየተነጋገሩ፣ በአንድ ጸሎት አሜን እያሉ፣ የየራሳቸውን ሲለምኑ ይኖራሉ። የእሷ ተሰማላት። እሱን ምን ብዬ እንደማጽናናው አላውቅም፤ እናቱ ቤት ያለው አልጋም እንደተነጠፈ ነው። ይሄን ደግሞ የትኛውን ሽማግሌ ይዤ፣ በየትኛው ማለዳ ልነግራት ነው?